ለኮምቦልቻው ጠያቂ፦ የኳንተሙን ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ አንድ የአገልግሎት ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። የደሴና የኮምቦልቻ ጣቢያዎቻችን በራሳችን ፋይበር የተገናኙ ናቸው፤ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ጋር ደግሞ የኪራይ መስመር አለን። በእነዚህ መስመሮች የደንበኞች ሒሳብም፣ ፓምፕና ማብሪያ ማጥፊያ የሚያንቀሳቅስ ትእዛዝም ይተላለፋል። በቅርቡ አንድ ሻጭ በኳንተም ክሪፕቶግራፊ የሚሠራ፣ ‹በፊዚክስ ሕግ የተጠበቀና ፈጽሞ የማይሰበር› መሣሪያ አቅርቦልናል። አለቆቼ አስተያየት እንድሰጥ አዝዘውኛል። የተባለው እውነት ነው? እንግዛው?»

አጭሩ መልሴ አትግዙት የሚል ነው። ሻጩን ውሸታም አላልኩም፤ ከተናገረው አብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚከላከለው ጥቃት፣ እናንተን ሊያገኛችሁ ከሚችለው ጥቃት ሁሉ ወረፋው መጨረሻ ላይ የቆመው ነው። ከዚያም በላይ ጣቢያዎቻችሁ ጥቂትና ቦታቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ሳጥኑ የሚሠራውን ሥራ በሚያስቅ ዋጋ የምትሠሩበት መንገድ አለ። ለአለቆችዎ ማስረዳት ስለሚኖርብዎት ከሥሩ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስጋቱ ከየት መጣ? ዛሬ ከአዲስ አበባ ጋር የምትነጋገሩበት ምስጠራ ሁለት ሥራ አለው። መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች ሳይገናኙ አንድ የጋራ ቁልፍ ላይ ይስማማሉ፤ ቀጥሎ በዚያ ቁልፍ መረጃው ይቆለፋል። ለመቆለፉ ሥራ በአብዛኛው የሚያገለግለው ኤኢኤስ የሚባለው የምስጠራ ዘዴ ነው። ኳንተም ኮምፒውተር ቢመጣ እንኳ ኤኢኤስን እምብዛም አይጎዳውም። ሎቭ ግሮቨር በ1996 ያወጣው የኳንተም ፍለጋ ዘዴ የባለ 256 ቢት ቁልፍን ጥንካሬ በንድፈ ሐሳብ ወደ 128 ቢት ያወርደዋል፤ 128 ቢት ደግሞ በጉልበት የሚደፈር አይደለም። የሚያሳስበው የመጀመሪያው ሥራ ነው። በ1976 ዲፊና ሄልማን፣ በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን (የእነሱ በስማቸው ፊደላት አርኤስኤ ይባላል) ያወጧቸው ዘዴዎች የተመሠረቱት ለተራ ኮምፒውተር እጅግ ከባድ በሆኑ ስሌቶች ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ አንድ ግዙፍ ቁጥር ከየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደተገኘ ፈልጎ ማግኘት ነው። ፒተር ሾር በ1994 በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር እነዚህን ስሌቶች በአጭር ጊዜ እንደሚፈታቸው በሒሳብ አሳየ።

እንዲህ ያለ ኮምፒውተር እስካሁን አልተሠራም። ይሁን እንጂ ምን ያህል ትልቅ መሆን አለበት የሚለው ግምት በፍጥነት እያነሰ ነው። በ2019 ባለ 2048 ቢቱን አርኤስኤ በ8 ሰዓት ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ አሃድ) ያስፈልጋል ተብሎ ተሰልቶ ነበር። በ2025 ከዚያው ስሌት አዘጋጆች አንዱ የሆነው ክሬግ ጊድኒ ቁጥሩን ከአንድ ሚሊዮን በታች አውርዶ፣ ጊዜውን ከአንድ ሳምንት ያነሰ አድርጎታል። ስለዚህ ‹ገና ሩቅ ነው› ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ዛሬ የተቀዳ መልእክት ተከማችቶ ቆይቶ ማሽኑ በመጣ ዕለት ሊከፈት ይችላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ከዚህ ስጋት መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ቁልፉን በፊዚክስ ማከፋፈል ነው፤ ሻጩ ያመጣላችሁ ይኼ ነው። ሌላው ኳንተም ኮምፒውተርም በማይፈታው አዲስ ሒሳብ መተካት ነው። ስለ ሁለተኛው ሻጩ አላነሳም ይሆናል፤ በአብዛኛው ሶፍትዌር በማደስ የሚገኝ ስለሆነ ብዙ ኮሚሽን የለውም።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ሐሳቡን ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር በ1984 ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ አቀረቡት፤ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደልና በዓመቱም ቢቢ84 ተባለ። አንዱን ሳጥን ደሴ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ እናስቀምጥ። የደሴው ሳጥን ፎቶን የሚባለውን የብርሃን ቅንጣት አንድ በአንድ ይልካል። እያንዳንዱ ፎቶን የሚርገበገብበት አቅጣጫ አለው፤ ሳጥኑ ከአራት አቅጣጫዎች አንዱን በዕጣ ይመርጣል። ቁምና አግድም አንድ ጥንድ ናቸው፤ ‹ቀጥ› እንበላቸው። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘነበሉት ሌላ ጥንድ ናቸው፤ ‹ዘመም› እንበላቸው። በእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ አቅጣጫ 0፣ ሌላው 1 ማለት ነው። የኮምቦልቻው ሳጥን ፎቶኑ በየትኛው ጥንድ እንደተላከ ስለማያውቅ እሱም በዕጣ አንዱን መርጦ ይለካል። ጥንዱ ከገጠመለት የተላከውን በትክክል ያነባል። ካልገጠመለት የሚያገኘው በእኩል ዕድል 0 ወይም 1 ነው፤ ማለትም ምንም አላገኘም።

ስምንት ፎቶን ተላኩ እንበል። ደሴ የላከው 1፣ 0፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ 1፣ 0 ነው። የተጠቀመባቸው ጥንዶች በተራ ቀጥ፣ ዘመም፣ ዘመም፣ ቀጥ፣ ዘመም፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ዘመም ናቸው። ኮምቦልቻ የለካው ደግሞ በቀጥ፣ ቀጥ፣ ዘመም፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ዘመም፣ ቀጥ፣ ዘመም ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በተራ የኔትወርክ መስመር፣ ማንም እየሰማቸው፣ የተጠቀሙባቸውን ጥንዶች ብቻ ይነጋገራሉ፤ 0 ወይም 1 መሆኑን አይናገሩም። የገጠመው በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ8ኛው ላይ ነው። የቀረውን ይጥሉታል። በሁለቱም እጅ የሚቀረው 10110 ነው። ቁልፉ የሚሠራው እንዲህ እየተጠራቀመ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ፋይበሩን ቢጠልፍስ? ፎቶኑን ለማንበብ መለካት አለበት፤ እሱም ጥንዱን አያውቅምና በግማሹ ይሳሳታል። የማይታወቅን የኳንተም ሁኔታ ቀድቶ አንዱን ለራሱ ማስቀረት ደግሞ አይችልም፤ ይህን በ1982 ዉተርስና ዙሬክ፣ ለብቻውም ዲክስ አረጋግጠዋል። የለካውን መልሶ ሲልክ በተሳሳተበት ሁሉ ፎቶኑን አበላሽቶት ነው የሚልከው። ሁሉንም ፎቶን እንዲህ ከጠለፈ፣ በሁለቱ ሳጥኖች ቁልፍ መካከል 25 በመቶ ልዩነት ይፈጠራል። ሳጥኖቹ ከቁልፉ ጥቂት ናሙና ወስደው ያነጻጽራሉ። በዚህ ዘዴ ስሕተቱ ከ11 በመቶ ገደማ ካለፈ ቁልፉ በሙሉ ይጣላል። ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ተማሪዎችን ባስተምረው የማይሰለቸኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነው። ሻጩ ‹የፊዚክስ ሕግ› ሲል እስከዚህ ድረስ አልዋሸም።

ችግሩ ከርቀቱ ይጀምራል። ጥሩ ፋይበር በ1550 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ በየኪሎ ሜትሩ 0.2 ዴሲቤል (የብርሃን ኪሳራ መለኪያ ነው) ያህል ይበላል። ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ኪሳራው 5 ዴሲቤል ነው፤ ከሦስት ፎቶን አንዱ ይደርሳል። መሣሪያው እዚህ ላይ ይሠራል፤ መገጣጠሚያዎቹ የሚጨምሩትን ኪሳራ ብናስብ እንኳ አይቸግረውም። አሁን አዲስ አበባን እንውሰድ። ደሴ በመንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ኪሳራው 80 ዴሲቤል ይሆናል። ከመቶ ሚሊዮን ፎቶን አንድ ይደርሳል ማለት ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ብትልኩ አዲስ አበባ የሚገቡት አሥር ናቸው፤ መቀበያው ከነሱም የተወሰኑትን ሳያይ ያልፋል፣ ራሱ ያለ ፎቶን የሚሰጠው የሐሰት ምልክትም አለ። ተራው ኔትወርክ ይህን ችግር የሚፈታው መንገድ ላይ በተተከሉ የብርሃን ማጉያዎች ነው። ማጉላት ግን መቅዳት ነው፤ ኳንተሙ ደግሞ አይቀዳም። ማጉያ ውስጥ ያለፈ የኳንተም ቁልፍ ቁልፍነቱ ያበቃል።

እዚህ ላይ የእናንተ የኪራይ መስመር የሚያመጣው ጣጣ አለ። ከቴሌኮም ድርጅት የተከራያችሁት አብዛኛውን ጊዜ አቅም እንጂ ፋይበር አይደለም። ዳታችሁ ከሌሎች ደንበኞች ዳታ ጋር ተደባልቆ፣ በስዊቾችና በማጉያዎች አልፎ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። የኳንተም ሳጥን በአብዛኛው ስዊችና ማጉያ ያልገባበት ባዶ ፋይበር ይፈልጋል። ‹በኪራይ መስመራችሁ ላይ ሰክታችሁት ይሠራል› ብሏችሁ ከሆነ ግን ሻጩ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቅም።

ባዶ ፋይበር ቢገኝስ? በ2023 ቻይና ውስጥ በቤተ ሙከራ ‹መንትያ መስክ› በሚባለው ዘዴ በ1,002 ኪሎ ሜትር ፋይበር ላይ ቁልፍ ማውጣት ተችሏል። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.0034 ቢት ነበር። በዚያ ፍጥነት አንድ ባለ 256 ቢት ቁልፍ ለመሙላት 20 ሰዓት ከምናምን ይፈጃል፤ መቀበያዎቹም ከፍጹም ዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ የሚሠሩ ናቸው። በተግባር ረዥም ርቀት የሚሸፈነው በመሐል ጣቢያ ነው። በ2017 ሥራ የጀመረው የቤጂንግ-ሻንጋይ መስመር 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በ32 የመሐል ጣቢያዎች ይቀባበላል። በእነዚህ ጣቢያዎች ሁሉ ቁልፉ ይገለጣል፤ ተገልጦም በአዲስ ይላካል። ስለዚህ ‹የታመኑ ጣቢያዎች› ይባላሉ።

ይህን ወደ እኛ መንገድ አምጡት። ከሚሴ አንድ፣ ሸዋ ሮቢት አንድ፣ ደብረ ብርሃን አንድ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ምናልባት ሌላ አንድ ክፍል ይኖራችኋል። እያንዳንዱ ክፍል ሌት ተቀን ጥበቃ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ማቀዝቀዣና ታማኝ ሰው ይፈልጋል። ከእነዚህ ክፍሎች ወደ አንዱ የገባ ሰው ፎቶን መጥለፍ አያስፈልገውም፤ ቁልፉን ከነሙሉ አካሉ ያገኘዋል። በፊዚክስ ሕግ የተጠበቀው ነገር በመጨረሻ በዘበኛና በበር ቁልፍ ይጠበቃል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ያለፉትን ዓመታት ያየ ሰው አራት እንዲህ ያሉ ክፍሎችን እጠብቃለሁ ብሎ ከመፈረሙ በፊት ቆም ብሎ ያስባል።

ሻጩ ያልነገራችሁ ሌላም አለ። ሳጥኖቹ ጥንዶቹን የሚነጋገሩበት ተራ መስመር ማንም ሊሰማው ይችላል፤ ማንም ሊያስመስለው ግን አይገባም። ደሴ የምታናግረው በእርግጥ ኮምቦልቻን መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ጠላፊው መሐል ቆሞ ለሁለቱም ሌላኛውን ወገን መስሎ ይቀርባል። ይህን ለመከላከል ሁለቱ ሳጥኖች ከመጀመሪያው የጋራ ምስጢር ሊኖራቸው ይገባል፤ አለዚያም ዲጂታል ፊርማ ያስፈልጋቸዋል። ቁልፍ አከፋፋዩ መሣሪያ ሥራ ለመጀመር ራሱ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ዳታው የሚቆለፈው በኤኢኤስ ነው። ክሎድ ሻነን በ1949 ፈጽሞ እንደማይሰበር ያረጋገጠው ዘዴ ከመልእክቱ እኩል ርዝመት ያለው ቁልፍ ለአንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ መጣልን ይጠይቃል። ሳጥኑ የሚያመነጨው ቁልፍ ለጊጋቢት መስመር እንዲህ ላለ ቀለብ አይበቃም። ስለዚህ ‹ፈጽሞ የማይሰበር› የሚለው ቃል በብሮሹሩ ላይ የሚኖረውን ያህል በመስመራችሁ ላይ አይኖርም።

መሣሪያው ራሱም ተሰብሮ ያውቃል። በ2010 ቫዲም ማካሮቭ ያለበት ቡድን በገበያ ላይ የነበሩ የሁለት አምራቾችን መቀበያዎች በጠንካራ ብርሃን አሳውሮ፣ ቁልፉን ያለ አንዳች የስሕተት ምልክት በሙሉ አነበበ። የፊዚክስ ሕጉ አልተሰበረም፤ የተሰበረው በሕጉ ስም የተሠራው ዕቃ ነው። አምራቾቹ መከላከያ ጨምረዋል፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች ቀዳዳዎች ተገኝተው ተደፍነዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ለአገር ደህንነት መስመሮች ይህን ቴክኖሎጂ አይመክርም። የብሪታኒያው የሳይበር ደህንነት ማእከልም አቋሙ ተመሳሳይ ነው። በ2024 መጀመሪያ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኔዘርላንድስና የስዊድን መሥሪያ ቤቶች በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ቅድሚያ ለአዲሱ ሒሳብ ይሰጥ ብለዋል።

ለመሠረተ ልማት ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ሳጥኑ ጠላፊ መኖሩን ሲያውቅ የሚያደርገው ቁልፍ ማምረት ማቆም ነው። ለባንክ ምስጢር ይህ በጎ ነው። ለፓምፕ ትእዛዝ ግን ፋይበሩን በጣቱ ጎንበስ ያደረገ ሰው ሁሉ የቁልፍ ምንጫችሁን ሊያደርቅ ይችላል ማለት ነው። ፋይበራችሁ በከፍተኛ ኃይል ማማዎች አናት በሚዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በጠላፊ ላይ ነፋስና መብረቅ ይጨመራሉ፤ ሁለቱም የፎቶኑን አቅጣጫ ያወዛውዛሉ። የደሴን የክረምት ነጎድጓድ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

አሁን ወደ እውነተኛው አደጋ ልምጣ። በታኅሣሥ 2015 በዩክሬን የሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች 225 ሺህ ያህል ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። አጥቂዎቹ ምንም ምስጠራ አልሰበሩም። ከወራት በፊት ለሠራተኞች በኢሜይል የተላከ የቢሮ ሰነድ ተከፍቶ ነበር፤ ከዚያ የይለፍ ቃል ተሰረቀ፤ በዚያ ቃል በርቀት መግቢያው ገቡ። ኦፕሬተሮቹ የማውሱ ጠቋሚ በገዛ ስክሪናቸው ላይ ራሱን ችሎ እየዞረ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ሲከፍት ቁጭ ብለው አዩ። በግንቦት 2021 የአሜሪካው የኮሎኒያል ነዳጅ ቱቦ ለቀናት የቆመው ሁለተኛ ማረጋገጫ በማይጠይቅ የርቀት መግቢያ፣ በአንድ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው። በእነዚህ ቦታዎች የኳንተም ሳጥን ተተክሎ ቢሆን ኖሮ የአጥቂውን ትእዛዝ በታላቅ ጥንቃቄ ቆልፎ ያደርሰው ነበር።

እኛ ዘንድስ? ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት የመሣሪያ ክፍል ገብቼ የፋየርዎሉ የይለፍ ቃል በካቢኔው በር የውስጥ ገጽ ላይ በወፍራም ማርከር ተጽፎ አይቻለሁ። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ ‹ተቀይሯል› ተብሎ አዲሱም ተጽፎ ነበር። የካቢኔው ቁልፍ ቀዳዳው ላይ እንደተሰካ ነበር። ያንን ድርጅት ለመጥለፍ ሾርም ግሮቨርም አያስፈልጉም።

ስለ ትእዛዞቹም ጠይቁ። ፓምፖቹ የሚታዘዙት በሞድባስ ከሆነ፣ ይህ ቋንቋ በ1979 የወጣ ነው፤ ላኪው ማን እንደሆነ የማረጋገጫ መንገድ በውስጡ የለም። በኤሌክትሪክ ዘርፍ የተለመደው አይኢሲ 104ም ለብቻው ሲታይ ከዚህ አይሻልም፤ በ2016 ኪየቭ ላይ የተሰነዘረው የኢንደስትሮየር ጥቃት በዚሁ ቋንቋ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ‹ሦስተኛውን ፓምፕ አጥፋ› የሚል ትእዛዝ ምስጢርነቱ ከሰከንዶች በላይ ዋጋ የለውም፤ ከ15 ዓመት በኋላ ቢነበብ ማን ደንታ አለው? ዋጋ ያለው ትእዛዙን የሰጠው የተፈቀደለት ሰው መሆኑና በመንገድ ላይ አለመለወጡ ነው። ተቀድቶ ቢጠራቀም የሚጎዳው የደንበኞች ማንነትና ሒሳብ፣ የኔትወርካችሁ ንድፍ፣ የሠራተኞች የይለፍ ቃል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው መረጃ ስንት ዓመት ምስጢር ሆኖ መቆየት እንዳለበት ጻፉ። ሚሼል ሞስካ የሚባለው የዘርፉ ሰው ያቀረበው ሚዛን ቀላል ነው፦ ምስጢሩ መቆየት ያለበት ዓመት፣ ሥርዓቱን ለመለወጥ ከሚወስደው ዓመት ጋር ተደምሮ፣ ማሽኑ እስኪመጣ ካለው ጊዜ ከበለጠ ዘግይታችኋል።

በሚያስቅ ዋጋ ያልኩት መንገድ ይኼ ነው። ያሉዋችሁ ቋሚ ጣቢያዎች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ በሚኒባስ ይደረሳሉ። ባለ 256 ቢት ቁልፍ 32 ባይት ነው። ታማኝ መሐንዲስ በጥሩ የዕጣ ቁጥር አመንጪ የተዘጋጀ ቁልፍ በታሸገ ማከማቻ ይዞ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ በሁለቱም ራውተሮች ላይ ያስገባዋል። በወር አንዴ ወይም በሩብ ዓመቱ ይታደሳል፤ አሮጌው ይደመሰሳል። አይኬቪ2 የሚባለው የግንኙነት ሥርዓት በ2020 በወጣው ደንብ፣ ዋየርጋርድ የሚባለው የተመሰጠረ መስመር መዘርጊያ ሶፍትዌር ደግሞ ከጥንስሱ እንዲህ ያለ በእጅ የተወሰደ ቁልፍ ከተራው ስምምነት ጋር ቀላቅሎ ይቀበላል። የተራው ስምምነት ሒሳብ በኳንተም ቢፈታም በእጅ የሄደው ቁልፍ አይፈታም። ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል፣ በሰከንድ 10 ሺህ ቢት የሚያመነጭ የኳንተም ሳጥን አንድ ቴራባይት ቁልፍ ለመሙላት 25 ዓመት ይፈጅበታል፤ አንድ ቴራባይት ዲስክ ደግሞ በመሐንዲሱ ኪስ ገብቶ ከሰዓት በፊት ኮምቦልቻ ይደርሳል። ሳጥኑ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ቁልፉ ከቅጽበቱ በፊት ያልነበረ ስለሆነ አስቀድሞ ሊሰረቅ አይችልም። ዲስክ ግን ሊሰረቅ ይችላል። ሆኖም መሐንዲሱን ካላመናችሁት ሳጥኑ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ለማን ልትሰጡት ነው?

ይህ ዘዴ ለሦስት ጣቢያ ይሆናል፤ ለሺህ ደንበኛና በየቀበሌው ላለ ቆጣሪ አይሆንም። እዚያ አዲሱ ሒሳብ ይገባል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2016 በጀመረው ውድድር የተጣሩትን በነሐሴ 2024 በሦስት ደረጃዎች አጽድቋል። ለቁልፍ ስምምነት ኤምኤል-ኬም፣ ለዲጂታል ፊርማ ኤምኤል-ዲኤስኤ እና ኤስኤልኤች-ዲኤስኤ ይባላሉ። በእነሱ ለመጠቀም በአብዛኛው አዲስ ዕቃ አይገዛም። ሰርቨሮችን ከርቀት ለማስተዳደር የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች ከ2022 ጀምሮ ኳንተምን የሚቋቋም የቁልፍ ስምምነትን በራሱ ምርጫ ያስቀድማል፤ በ2025 በወጣው 10ኛ ስሪቱ ደግሞ ኤምኤል-ኬምን ቀዳሚ አድርጓል። ብዙ ፕሮግራሞች ለምስጠራ የሚጠቀሙበት ኦፕንኤስኤስኤልም ከ3.5 ስሪቱ ጀምሮ ይዟቸዋል። ሰርቨሮቻችሁን የምታስተዳድሩበት ኤስኤስኤች የዘመነ ከሆነ ምናልባት ሳታውቁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

አዲስ ሒሳብ ስለሆነ ሊሰበር አይችልም ወይ የሚል አለቃ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳይክ የተባለው ተወዳዳሪ በ2022 በአንድ ተራ ኮምፒውተር በአንድ ሰዓት ገደማ ተሰብሯል። ለዚህ ነው አዲሱን ከአሮጌው ጋር አጣምሮ መጠቀም የሚመከረው። በአንዳንድ ደብር የዕቃ ቤቱ በር በሁለት ቁልፍ ተዘግቶ ቁልፎቹ በሁለት ሰዎች እጅ እንደሚቀመጡ፣ መልእክቱን ለማንበብ ሁለቱም ሒሳቦች መሰበር አለባቸው። አሮጌውን በችኮላ አውጥታችሁ አትጣሉ።

አንድ የሚያናድድ ዝርዝር አለ። የድሮው የስምምነት ቁልፍ 32 ባይት ሲሆን መካከለኛው የኤምኤል-ኬም ቁልፍ 1,184 ባይት ነው። በፋይበር ላይ ማንም አያስተውለውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰላምታ ከአንድ ፓኬት በላይ ስለሚሆን አንዳንድ አሮጌ ፋየርዎሎች ግንኙነቱን ዝም ብለው ይጥሉታል፤ ምክንያቱንም አይናገሩም። በተራራ ላይ ያለ የውኃ ማጠራቀሚያችሁ በሰከንድ 9,600 ቢት በሚያስተላልፍ ሬዲዮ የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ብቻ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። እንዲህ ላለው ጣቢያ በእጅ የሚወሰደው ቁልፍ ይሻላል። ሥራ ከሚበዛበት ሰዓት ውጭ በአንድ መስመር ላይ ሞክሩት፤ በሁሉም ላይ በአንድ ሌሊት እንዳትለውጡ።

ከሁሉ በላይ ስለምትገዟቸው መቆጣጠሪያዎች አስቡ። ዛሬ በጨረታ የሚገባ መቆጣጠሪያ 20 ዓመት በግድግዳ ላይ ይኖራል። ሶፍትዌሩ ሲታደስ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው በውስጡ በታተመ ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ አርኤስኤ ከሆነና መለወጥ የማይቻል ከሆነ፣ ማሽኑ በመጣ ዕለት አጥቂው የራሱን ሶፍትዌር የአምራቹን ፊርማ አስመስሎ ይጭንበታል። ኒስት በ2024 መጨረሻ ባወጣው ረቂቅ የዛሬውን አርኤስኤ ከ2035 በኋላ ለማገድ አቅዷል። ስለዚህ በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ፦ የፊርማ ማረጋገጫው በመስክ ላይ ሊቀየር የሚችልና ኳንተምን የሚቋቋም ፊርማ የሚቀበል ይሁን። ከምጽፈው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያድነው ይህ ዐረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል።

የኳንተም ቁልፍ ማከፋፈል ጨርሶ አይረባም የሚል ድምዳሜ ግን እንዳይወሰድብኝ። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን በ2010 የዓለም ዋንጫ ወቅት የስታዲየሟን መስመር በዚህ ጠብቃለች። በቻይና ትንሽ ሳተላይት አማካይነት ቤጂንግና የደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ በ12,900 ኪሎ ሜትር ርቀት ቁልፍ መለዋወጣቸው ደግሞ በ2025 ተገልጿል። ምድሩ ላይ የሚያስቸግረው ርቀት በሕዋ ይቀልላል፤ አገር እንደ አገር ሊከታተለው የሚገባ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ተቋም አለው። ሌዘር፣ አቅጣጫ መለወጫ ብርጭቆዎችና መቀበያ ያሉት የማስተማሪያ ስብስብ ቢቢ84ን በጠረጴዛ ላይ ለማሳየት ይበቃል፤ ከሻጩ ሳጥን ጋር በዋጋ አይወዳደርም። በነጠላ ፎቶን ስለማይሠራ ምስጢር አይጠብቅም፤ ሰው ግን ያሠለጥናል። ድርጅታችሁ በጀት ተርፎኛል ካለ ለዚያ ያውጣው።

ለሻጩም ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት። በኪራይ መስመር ማጉያዎች ውስጥ ያልፋል? መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ሳጥኖች የሚተዋወቁት በምንድን ነው? ቁልፍ ማመንጨቱ ሲቆም መስመሩ ምን ይሆናል፣ ይቆማል ወይስ በአሮጌው ቁልፍ ይቀጥላል? ሦስቱንም በጽሑፍ ይመልስ። ለመጨረሻው የሚሰጠውን መልስ በተለይ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ‹ይቀጥላል› ካለ ፊዚክሱ ቀረ፣ ‹ይቆማል› ካለ ውኃው ቆመ።

የራውተሮቻችሁን ዓይነትና የሶፍትዌር ስሪታቸውን ካወቅኩ የትኞቹ አዲሱን ስምምነት እንደሚቀበሉ ልነግርዎት እችላለሁ። በአደባባይ ግን አይለጥፉት፤ ለብቻዬ ይላኩልኝ፣ የጣቢያዎቹን ስምና አድራሻም ያውጡለት።